«እኔ ጋ ይሠራል» ላልከው

ገጻችን የተበላሸ ዕለት የመጀመሪያው ስልክ የመጣው ከዋና አዘጋጃችን ነው። ጋሼ ነገር አያስረዝሙም። «ልጄ፣ መጽሔታችን ልብሱን አውልቆ አደባባይ ቆሟል» አሉኝ። ከፈትኩት። እውነታቸውን ነው። ጽሑፉ አለ፤ ቀለሙ የለም፣ ምስሉ የለም፣ ርዕሱና ግርጌው ተደባልቆ በግራ ጠርዝ ተለጥፏል። ቢልድ አድርጎ የጫነው ልጅ ጋ ደወልኩ።

«እኔ ጋ ይሠራል» አለ።

«ችግሩም እሱ ነው፤ አንተ ጋ ብቻ መሥራቱ!» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን ቃል በቃል ነበር የተናገርኩት። በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ የዌብሳይቱ አድራሻ በሚጻፍበት መስመር ላይ፣ በመጽሔቱ ስም ፋንታ «ሎካልሆስት» ተጽፏል፤ ከጎኑ 1313 የሚል የፖርት ቁጥር አለ። ሎካልሆስት ማለት «ይኸው ማሽን» ማለት ነው። ልጁ ላፕቶፕ ላይ ሰርቨሩ ስለተከፈተ ገጹ «ቀለሜን አምጣ» ሲል ከዚያው ላፕቶፕ ይመጣለታል። አዳማ ያለ አንባቢ ገጹን ሲከፍት ግን «ቀለሜን አምጣ» የሚባለው የአንባቢው ስልክ ነው። ስልኩ ከየት ያመጣል? በዓለም ላይ ያ ገጽ ደህና ሆኖ የሚታይበት ማሽን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሠራው ልጅ ጭን ላይ ነው ያለው።

«ለምን እዚያ ላይ ጻፍከው?»

«ለሙከራ ነው። በኋላ ልመልሰው ነበር።»

«በኋላ የሚባል ሠራተኛ የለንም።»

ለዚህ መጽሔት ገጽ ሰባት ዓመት ስደክም ያልሰማሁት ሰበብ የለም። ሰበብ ደግሞ መልስ ካላገኘ ልማድ ይሆናል። ዛሬ የሰማኋቸውንና የመለስኳቸውን ነው የማወራው፤ ያን ዕለት ስልኩን ይዞ የተራቆተ ገጽ ያየው አንባቢ ስለሚቆረቁረኝ።

ስታቲክ ዌብሳይት ለማያውቀው እንዲህ ነው። አንዳንዱ ዌብሳይት እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊጥ አቡክቶ፣ ምጣድ ጥዶ የሚጋግር ነው፤ እንግዳው ሲበዛ ይጨናነቃል። ስታቲኩ ግን ማለዳ ተጋግሮ መሶብ ገብቷል፤ የመጣ ሁሉ ያነሳል። ጋጋሪው ፕሮግራም ነው። ቶም ፕሬስተን ወርነር በፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 በሩቢ የሠራው ጄኪል አለ፤ ስቲቭ ፍራንሲያ በ2013 የጀመረው፣ በ«ጎ» ቋንቋ የተጻፈው ሁጎ አለ። እኛ የምንሠራው በሁጎ ነው። የመረጥነው ለፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ሁጎ አንድ ነጠላ ፋይል ነው፤ ፍላሽ ላይ ገልብጠህ ለጓደኛህ ትሰጠዋለህ፣ ኔት ሳይኖረው ይሠራለታል። የሚወጣውም ገጽ ቀላል ነው። በጥቂት ብር ዳታ ገዝቶ የሚያነብ አንባቢ ላለው መጽሔት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሊጡ ግን አንድ ቢሆንም ምጣዱ ሲለያይ እንጀራው ይለያያል። ቢልድ ኢንቫይሮንመንት የሚባለው ምጣዱና እሳቱ ነው፤ የትኛው ማሽን፣ የትኛው ቨርዥን፣ የትኛው አድራሻ፣ የትኛው የሰዓት ክልል፣ ድራፍት ይውጣ አይውጣ። ይህ ሁሉ ፋይል ላይ ካልተጻፈ የሚቀመጠው አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ያ ሰው የታመመ ዕለት መጽሔቱም አብሮ ይተኛል።

የሎካልሆስቱ ነገር የሚያሳዝነኝ፣ ልጁ እዚያ መጻፍ ጭራሽ ስላላስፈለገው ነው። «ሁጎ ሰርቨር» ብለህ ስታስነሳው አድራሻውን ራሱ በሎካልሆስት ይተካዋል፤ ፋይሉን መንካት አያስፈልግም። ከዚያ ያለፈ ልዩነት ካለ ደግሞ ሁጎ ቦታ አዘጋጅቶለታል። ኮንፊግ የሚባል ፎልደር ትከፍታለህ። በውስጡ ዲፎልት የሚባል የጋራ ፎልደር ይቀመጣል፤ ስሙ በአንደርስኮር ይጀምራል። ከጎኑ ለአንባቢ ለሚወጣው ፕሮዳክሽን፣ ከመውጣቱ በፊት ለሚታይበት ስቴጂንግ፣ ለሚሠራበት ማሽን ዴቨሎፕመንት እያልክ ትደረድራለህ። ሁጎ የጋራውን ያነብና በተጠራው ስም ያለውን በላዩ ይደርባል። ስለዚህ በየፎልደሩ የምትጽፈው የሚለየውን ብቻ ነው፤ ስቴጂንግ ውስጥ ሁለት መስመር፣ ፕሮዳክሽን ውስጥ ሦስት። «ሁጎ» ብቻ ብለህ ካዘዝከው ፕሮዳክሽን ማለትህ ነው፤ «ሁጎ ሰርቨር» ካልከው ዴቨሎፕመንት። ሌላ ስትፈልግ ኮማንዱ ላይ ስሙን ትጨምራለህ።

ይህን ሳስረዳው ልጁ ፊቱን አኮሳተረ።

«ለአንድ ዌብሳይት ሦስት ፎልደር አይበዛም?»

«እናትህ ወጡን ሳትቀምስ ለእንግዳ አቅርባ ታውቃለች?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ስቴጂንግ መዳፏ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ስቴጂንግ ተከራክሮኝ አያውቅም። አንድ ነገር ግን ጨምሬ ነገርኩት፤ የመዳፉ ወጥ ለገበያ አይወጣም። ስቴጂንጉ ላይ የፍለጋ ሞተሮችን «አትግቡ» የሚል ሮቦትስ ፋይል አስቀመጥን። ያ ፋይል የሚኖረው ስቴጂንግ ፎልደር ሲጠራ ብቻ መሆን አለበት። ተሳስቶ ወደ ዋናው ገጽ ከተሻገረ የዓመታት ጽሑፍህን በጉግል ፍለጋ ላይ ቀስ በቀስ ሊያደበዝዘው ይችላል፤ ያውም ገጹ ላይ ምንም ሳይታይ።

ከጄኪል የመጣ ባልደረባ አለን፤ ጠንቃቃ ሰው ነው። እሱ ደግሞ በየቀኑ ኮማንዱ ላይ «ፕሮዳክሽን» እያለ ይጽፋል። ለምን ቢሉት ልማድ ነው፤ ጄኪል ካልነገሩት በቀር ገጹን ሲገነባም ራሱን ዴቨሎፕመንት ላይ ነኝ ብሎ ስለሚቆጥር። ሁጎ በተቃራኒው ነው። ከሁጎ ወደ ጄኪል የሚሄድ ሰው ይህን ካላወቀ «ፕሮዳክሽን ከሆነ አውጣ» ብሎ የጻፈው ሁሉ ሳይወጣ ይቀራል፤ የአንባቢ መቁጠሪያው ዜሮ ላይ ቆሞ «ሰው አያነበንም» ብሎ ይተክዛል። ባልደረባችን ስሙን በግልጽ መጻፉን ወደድኩለት። ሁላችንም እንደሱ እንድናደርግ ደንብ አወጣን። ልጁ «ሳይጻፍም ይሠራል እኮ» አለ። «ሳይጻፍ የሚሠራ ነገር ሳይጻፍ ይበላሻል» አልኩት።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ።

ለአንድ አዛውንት አናጢ ቃለ መጠይቅ አድርገን ነበር። ጽሑፉ ገና ነው፤ ግማሹ ማስታወሻ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ አናጢው ደወሉ። ልጃቸው ስልክ ላይ አሳይቷቸዋል። በስማቸው ሥር በቅንፍ፣ «እዚህ ጋ ዕድሜውን ጠይቅ፤ የሚያወራው እውነት መሆኑን አጣራ» የሚል ተጽፏል። ሰውየው አልተቆጡም። «እናንተ ዘንድ ውሸታም ሆኜ ነው ያለሁት?» ብቻ አሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከቁጣ ይከፋል። ጋሼ ራሳቸው ሄደው ይቅርታ ጠየቁ።

የእኛው ልጅ ግን ማለ። «ድራፍት ብዬ ምልክት አድርጌበታለሁ! የመጨረሻው ቢልድ ላይ ድራፍት አላካተትኩም!»

ፋይሉን አየሁት። አልዋሸም። ምልክቱ አለ፤ የመጨረሻው ኮማንድም ንጹሕ ነው። የተፈጠረው ምን መሰለህ? ጠዋት ጽሑፉ እንዴት እንደሚታይ ለማየት «ድራፍትም ጨምር» የምትለዋን ሰረዝ ዲ አክሎ አንድ ጊዜ ገንብቷል። ሁጎ ገጾቹን ፐብሊክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ አስቀመጠ። ከሰዓት ያለ ሰረዝ ዲ ገነባ። ሁጎ አዲሱን ሲጽፍ አሮጌውን አይጠርግም። የጠዋቱ ገጽ እዚያው ፐብሊክ ውስጥ ተቀምጧል። መግቢያው ላይ ወደሱ የሚወስድ ሊንክ የለም፤ ዝርዝር ውስጥም የለም፤ ስለዚህ ማንም የእኛ ሰው አላየውም። ልጁ ፎልደሩን እንዳለ ሰርቨር ላይ ጫነው። አድራሻውን ያገኘ ሁሉ ይገባል።

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ።

«ድስቱን ሳታጥብ ሁለተኛ ወጥ ሠራህ።»

መፍትሔው አጭር ነው፤ ከመገንባትህ በፊት ፐብሊክን ሙሉ በሙሉ አጥፋ። እኛ ከዚያም አልፈን ለየኢንቫይሮንመንቱ የተለያየ መውጫ ፎልደር ሰጠነው፤ የስቴጂንጉ ወደ ሌላ፣ የፕሮዳክሽኑ ወደ ሌላ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከማንም ላፕቶፕ ላይ አለመጫን ነው። ጽሑፉ ለውጥ ሁሉ በሚመዘገብበት ጊት ላይ ፑሽ ሲደረግ ባዶ የሆነ ማሽን ደመና ላይ ይነሣል፣ ከዜሮ ይገነባል፣ ያወጣል፣ ይጠፋል። ትናንት የሚባል ነገር የለውም፤ የትናንት ትርፍራፊም የለበትም። ይህን ለማስፈጸም ከባልደረቦቼ ጋር ሦስት ወር ተጨቃጨቅኩ። «ከላፕቶፕ መጫን ይፈጥናል» ይሉኛል። «ለአናጢው ንገሩልኝ» ማለት ጀመርኩ፤ ያን ጊዜ ክርክሩ አበቃ።

ሰዓትና ቀን ደግሞ የእኛ የብቻችን ዳገት ነው። ፈረንጅ የጻፈው መመሪያ ውስጥ አታገኘውም፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልንገርህ።

የ2017 አዲስ ዓመት ጽሑፍ መስከረም 1 ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እንዲወጣ አዘጋጀን። ቀኑን የሞሉት ጋሼ ናቸው። «2017-01-01» ብለው ጻፉ። በእኛ አቆጣጠር ስህተት የለበትም። ሁጎ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ብሎ አነበበው። አዲስ ዓመታችን በዚያ ቋንቋ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ገና ሳይጋገር የሰባት ዓመት ደረቆት ሆኖ ከዝርዝሩ ግርጌ ተወሸቀ። ጳጉሜን ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ 13ኛ ወር ሲያይ «ይህን ቀን ማንበብ አልቻልኩም» ብሎ ግንባታውን ያቆማል። የሚጮህ ስህተት ዝም ከሚል ስህተት ይሻላል።

«አሥራ ሦስት ወር የማያውቅ ማሽን ምን ማሽን ነው!» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አሥራ ሁለቱንም አሥራ ሦስቱንም ያውቃሉ። ያወቀ ይሸከማል» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ በፈረንጅ እንዲጻፍ ፈቀዱ። የእኛውን ቀን ግን አልጣልነውም። ለብቻው መስመር ሰጥተን፣ «መስከረም 1 ቀን 2017» ተብሎ በፊደል እንዲጻፍ አደረግን። ማሽኑ የሚደረድረው በፈረንጁ ነው፤ አንባቢው የሚያየው የራሱን ነው።

ልጁ ቀኑን አስተካክሎ ሰዓቱን 07:00 አለው። ነጋ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በራሱ የሚነሣው ቢልድ ሄደ። ጽሑፉ የለም። 1 ሰዓት ተኩል ላይ በእጅ አስነሣነው። የለም። ጋሼ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ከሊንኩ ጋር ለሰው ሁሉ ልከዋል፤ የነካው ሁሉ «ገጹ አልተገኘም» ይለዋል።

«እኔ ጋ ይታያል!» አለ ልጁ።

አይቼው ነበር፤ «የወደፊቱንም ጨምር» የምትለዋን ሰረዝ ኤፍ ሁልጊዜ አብሮ ይተይባል፤ ለምዶበታል። ዋናው ቢልድ ግን ሰዓቱ ያልደረሰ ጽሑፍ አያወጣም። ሰዓቱስ አልደረሰም ወይ? ለእኛ ደርሷል። ሁጎ ግን የሰዓት ክልል ያልተጻፈበትን ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይቆጥረዋል፤ እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። የጻፍንለት 07:00 በአዲስ አበባ ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው። ደግሞ 4 ሰዓት ሲሞላ በራሱ አይወጣም፤ ስታቲክ ገጽ ሰዓት አያይም። 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ ሰው እንደገና መጋገር አለበት።

«ሦስት ሰዓት ምን ያህል ነው?» አለኝ ልጁ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

«ለበዓል ማለዳ ሙሉ በዓሉ ነው።»

ኮንፊጉ ላይ የሰዓት ክልል የሚል አንድ መስመር አለ፤ «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» የሚለውን መረጥን። ከዚያም በላይ እያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ሰዓቱ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ +03:00 እንዲታከል ደንብ አደረግን፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና የምትልክልን እህታችን የራሷን ሰዓት ስትጽፍ እንዳንምታታ። ሰረዝ ዲና ሰረዝ ኤፍ ደግሞ ከጣት ልማድ ወጥተው ዴቨሎፕመንት ፎልደር ውስጥ ገቡ። እዚያ ሲጻፉ ሁሉም ሰው ያያቸዋል፤ ጣት ላይ ሲቀሩ ማንም አያይም።

ሌላው የእኛ ዳገት ፊደሉ ነው። አንድ ጊዜ ዓርማችን ከገጹ ጠፋ። የምስሉ ፋይል በላቲን ትልቁ ኤል ተሰይሟል፤ ገጹ ውስጥ በትንሹ ኤል ተጠርቷል። ዊንዶውስም ማክም እንደተለመደው ሲዘጋጁ ይህን ልዩነት ችላ ይላሉ፤ ደመናው ላይ የሚገነባው ሊኑክስ ግን ሁለቱን እንደ ሁለት ሰው ነው የሚያየው። ልጁ «አንድ ፊደል ነው እኮ» ብሎ ተከራከረኝ። በፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለ ዓይናችን ለዚህ አልሠለጠነም፤ እፈርድለታለሁ። ግን የራሳችንም አለን። አንዱ ጸሐፊ የገጹን አድራሻ «ሰላም» ብሎ ሰየመ፤ ሌላው ወደሱ ሲጠቁም «ሠላም» ብሎ ጻፈ። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለማሽን የማይተዋወቁ ናቸው። ሊንኩ ተሰበረ።

እዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ግማሹ «አድራሻው ሁሉ በላቲን ይሁንና እንገላገል» አሉ። ምክንያታቸው ባዶ አይደለም። ፊደላችን በአድራሻ ውስጥ ሲያልፍ አንዱ ሆሄ በመቶኛ ምልክት የተከፋፈሉ 9 ምልክቶች ይሆናል፤ «ኢትዮጵያ» የሚለው ባለ አምስት ሆሄ ቃል ተገልብጦ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ 45 ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

«አማርኛው በጣም ይረዝማል» አሉኝ።

«ይርዘም። የሚሸከመው ማሽን ነው፤ የሚያነበው ሰው ነው።»

በዚህ አልታጠፍኩም፤ አሁንም አልታጠፍም። ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ በሩ ላይ የተለጠፈው ስም የሌላ ፊደል ሲሆን ያስከፋኛል። የተስማማነው አድራሻ የሚሆኑ ቃላት በአንድ ፋይል እንዲዘረዘሩ ነው፤ ሰላም በእሳቱ ሰ፣ ዓለም በዓይኑ ዐ፣ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ። ጽሑፉ ውስጥ ጸሐፊው እንደወደደ ይጻፍ፤ አድራሻው ላይ ግን ከዝርዝሩ አይወጣም። ቢልዱ ሲነሣ የተሰበረ ሊንክ የሚፈልግ ትንሽ ፕሮግራም አብሮ ይሮጣል፤ ካገኘ ገጹ አይወጣም።

የቨርዥኑን ነገር ባጭሩ። ሁጎ ጃንዋሪ 2023 ላይ በወጣው 0.110.0 ዋናውን የኮንፊግ ፋይል በራሱ ስም መሰየምን ፈቀደ፤ «ሁጎ ዶት ቶምል» ማለት ነው። እኛም ስሙን ለወጥን። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን ላፕቶፕ ላይ የነበረው ግን ከዚያ በፊት የወጣ ነው፤ አዲሱን ስም አያውቀውም። «ኮንፊግ የሚባል ነገር አላገኘሁም» አላት። ሌሊቷን ሙሉ ፎልደር ስታገላብጥ አደረች፤ ፋይሉ ፊቷ ላይ ተቀምጦ።

«ስንተኛው ቨርዥን ነው ያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አዲሱ!»

«አዲስ ቁጥር አይደለም፣ እህቴ። ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ቁጥሩን አሁን ፋይል ላይ ጽፈነዋል። ገጽ በሚገነቡልህ አገልግሎቶች፣ በኔትሊፋይም ሆነ በክላውድፍሌር ፔጅስ ላይ «ሁጎ ቨርዥን» የሚባል ተለዋዋጭ አለ፤ ቁጥሩን ስትሰጠው ያንኑ አምጥቶ ይገነባል። ሳትሰጠው የሚያመጣው እነሱ የመረጡትን ነው። ከኖድ የሚመጡ መሣሪያዎች ካሉህም የተቆለፈውን ዝርዝር ፋይል ጊት ውስጥ አስገባ፤ ቢልድ ማሽኑ ላይ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ሳይሆን «ኤንፒኤም ሲአይ» በል። ሁለተኛው ከዝርዝሩ ዝንፍ አይልም፤ ዝርዝሩ ካልገጠመ ይቆማል።

ዝም የሚለው ስህተት ግን አሁንም ይመጣል። ቲም የሚባለው የገጹ ልብስ በጊት ውስጥ ለብቻው የተያያዘ ፎልደር ሆኖ ሲቀመጥ፣ አዲስ ማሽን ጽሑፉን ብቻ አውርዶ ልብሱን ሊተወው ይችላል። ሁጎ ያኔ አይወድቅም። «የምቀርጽበት አላገኘሁም» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎ ገጾቹን ሳያወጣ፣ በሰላም ጨረስኩ ይላል። ልጁ ስክሪኑን አዙሮ አሳየኝ። «ኤረር የለውም እኮ፤ አረንጓዴ ነው!»

«ዝምታ ሁሉ እሺታ አይደለም» አልኩት። ማስጠንቀቂያ ሲያይ እንዲቆም የሚያደርግ ትእዛዝ ሁጎ ውስጥ አለ፤ አበራነው። ቲሙንም ቢሆን ከሩቅ ማምጣቱን ትተን «ቬንደር» በሚባለው ትእዛዝ ከራሳችን ፎልደር ውስጥ አስቀመጥነው። ኔት ሲቋረጥ፣ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲቀር፣ መጽሔቱ ባለበት ይገነባል። ይህን የማድረግ ችሎታ ያለው ገጽ በዚህ ከተማ የሚሠራን ሰው ምን ያህል እንደሚያሳርፈው የሚያውቀው የሕትመት ቀን ኔት የጠፋበት ብቻ ነው።

ስለ ቁልፍ ሳልናገር ብዘጋ ግን ይቆጨኛል። የኢሜይል ምዝገባ የምንልክበት አገልግሎት ሚስጥራዊ ቁልፍ አለው። ልጁ ገጹ ውስጥ አስገባው፤ ምዝገባው ሠራ።

«ማን ሶርስ ኮድ ይከፍታል?» አለ።

«የፈለገ።»

«ታዲያ የት ልደብቀው?»

«አንባቢው እጅ የገባ ገጽ ውስጥ ጓዳ የለም።»

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቁልፉን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ውስጥ ስላስቀመጠ ብቻ የተደበቀ ይመስለዋል። ቢልዱ ያንን ቁልፍ ወስዶ ገጹ ላይ ከጻፈው ግን ከመሶቡ ጋር ወጥቷል። ቁልፉ የሚያገለግለው ግንባታው ራሱ ከሌላ ቦታ መረጃ ሲያመጣበት ብቻ ነው። ሁጎም በዚህ ጠንቃቃ ነው፤ ካልፈቀድክለት በቀር ገጾቹ የሚያነቡት ስማቸው በራሱ በሁጎ ስም የሚጀምሩ ቫሪያብሎችንና «ሲአይ» የሚባለውን ብቻ ነው። ምዝገባውን በመሃል ሆኖ ቁልፉን በሚይዝ ትንሽ ሰርቨር በኩል አሳለፍነው።

ልጁ ፋይሉን አስተካክሎ ተመለሰ። «አጥፍቼዋለሁ፤ ፑሽም አድርጌያለሁ።»

«ጊት ይረሳል?»

ዝም አለ። ጊት አይረሳም፤ የትናንቱን መስመር ዛሬም የፈለገ ያነበዋል።

«የወጣ ቁልፍ ከፋይል በማጥፋት አይመለስም። ጓጉንቸሩ ይቀየራል።»

የዚያኑ ቀን አገልግሎቱ ውስጥ ገብቶ አሮጌውን ቁልፍ ሰርዞ አዲስ አወጣ። ሳልነግረው ሌሎቹንም ሁለት ቁልፎች አብሮ ቀየራቸው። ይህ ልጅ የሚሠራውን ይወዳል ያልኩት ያኔ ነው።

ባለፈው ወር የሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን አዲስ ላፕቶፕ ገዛች። ምንም ያልተጫነበት። «ማንንም ሳልጠይቅ እሞክራለሁ» አለች። መመሪያው ፋይል ላይ የተጻፈውን የሁጎ ቁጥር አውርዳ፣ ከጊት ጎትታ፣ አንድ ኮማንድ አዘዘች። እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ልጁ ከጎኔ ተቀምጦ ያንኑ ኮማንድ በዚያው ደቂቃ ተየበ። ሁጎ ሲጨርስ ስንት ገጽ እንደገነባ በሰንጠረዥ ያሳያል። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

«ስንት አለሽ?» አላት።

«412።»

ልጁ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«412» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እሷም ጋ ይሠራል» አለኝ።